ስንት ዓመታቸው ነው?

በአንድ ሆስፒታል የካርድ መስኮት ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከፊቴ የቆመው ጎልማሳ የአባቱን ዕድሜ ተጠየቀ። «ሰማንያ በለው» አለ። አጠገቡ ያለችው ልጁ «ኧረ አያቴ ሰማንያ አምስትም ያልፋቸዋል» ስትል የካርድ ጸሐፊው ብዕሩን አንጠልጥሎ ቀረ። አዛውንቱ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ «ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ ጥጃ ጠባቂ ነበርሁ» አሉ። ጸሐፊው 80 ብሎ ጻፈ።

ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም ነው። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ቢያንስ ስድስት ሰባት ዓመት ይሆነዋል። ሂሳቡን የፈለገ ያውጣው፤ ሰውየው ዘጠናን ረግጠዋል።

የመጡት ከአብደራፊ ነው። ሰሊጥና ማሽላ አራሽ ነበሩ፤ ከልጆቻቸው ጋር ያርሱት የነበረው መሬት ወዲያ ማዶ፣ ፋሽጋ ነው። የሱዳን ጦር በ2013 ዓ.ም መግቢያ ወራት አካባቢውን ሲይዝ ብዙ የእኛ ገበሬ ከእርሻው ተነሣ፤ እሳቸውም አንዱ ናቸው። ስለዚያ መሬት ወሰን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም የተፈረመ ውል አለ፣ እንግሊዛዊው ሜጀር ግዊን ያሰመረው መስመር አለ፣ በ1964 ኢትዮጵያና ሱዳን የተለዋወጡት ደብዳቤ አለ። የሽማግሌው ልደት ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ይህ ነገር በሰላሙ ቀን ያስቃል። የቀዶ ጥገና ውሳኔ ሲመጣ ግን ሁሉም ሰው ያንኑ ያልተጻፈ ቁጥር ይዞ ይከራከራል።

የሕመሙን ታሪክ የልጅ ልጃቸው በረንዳ ላይ አጫወተችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደማቸው እያነሰ፣ ፊታቸው እየገረጣ፣ ቀበቷቸው እየሰፋ ሄደ። በዚያ ቆላ ሰው ሲገረጣና ሲከሳ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ቀጥሎ ካላዛር። መታሰቡ ልክ ነው፤ መተማና ሁመራ የካላዛር አገር ናቸው፤ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አብደራፊ ላይ ለዓመታት የሠራውም በካላዛርና በእባብ ንድፊያ ላይ ነበር። ወባው ታከመ፣ የካላዛር ምርመራው ምንም የለም አለ፣ ቀጥሎ የአሜባ መድኃኒት ተሰጠ። ከዚያ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ቅጠል ታሰረላቸው። ደሙ ግን ማነሱን አልተወም። በሽታው ለካ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር።

የትልቁ አንጀት ካንሰር በዕድሜ የገፋን ሰው ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ይይዛል። በቀኝ በኩል አንጀቱ ሰፊ፣ ሰገራውም ገና ቀጭን ስለሆነ ዕጢው ቶሎ አይዘጋውም፤ በዓይን የማይታይ ደም ጠብ ጠብ እያደረገ ወራት ይቆያል። በሽተኛው «ደከመኝ» ይላል እንጂ «ሆዴን» አይልም። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ይላል። ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ በሽማግሌ ላይ ሲታይ አንጀት መታየት እንዳለበት ለሐኪም ሁሉ የተነገረ ነገር ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ግን ሽማግሌውን «ደጅ ሲወጡ ደም ያያሉ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢጠየቁም ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ እያለ አይመልሱም። ይህንን እፍረት ማለፍ ሁለት ደቂቃና አንድ መጋረጃ ይበቃዋል፤ ሁለቱንም አላገኙም።

ሆዳቸው ተነፍቶ ትውከት ሲጀምራቸው ነው ወደ ጎንደር የተጫኑት። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እገታው፣ ኬላው፣ መሽቶ የሚታደርበት ቀን። ከዚያ ቆላ ታሞ መሻገር እንደየዘመኑ ነው። አንዳንዴ የሱዳኗ ገዳሪፍ ትቀርባለች፣ አንዳንዴ ጎንደር። በ1977ቱ ድርቅ ብዙ ሕዝባችን ወዲያ ተሻግሮ ኡም ራኩባ የስደተኞች ጣቢያ ከርሟል፤ በ2013 ደግሞ ጣቢያው ከትግራይ ለተሰደዱት እንደገና ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተገልብጦ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ። የካርቱሙ የካንሰር ሆስፒታል ሥራ አቆመ፤ በታኅሣሥ 2016 ዋድ መደኒ ስትያዝ የዚያችም ከተማ የካንሰር ማዕከል ተከተለ። ገዳሪፍ ያለችው ትንሽ የካንሰር ማዕከል ከየቦታው የተፈናቀለውን በሽተኛ ተሸከመች። ካንሰር ያለበት ሱዳናዊ አዛውንት ዛሬ የት ይሄዳል ብዬ ሳስብ የእኛን መንገድ ማማረር ይከብደኛል።

ስለ ካንሰር ሲነሣ አገራችን የምታውቀው ወሬ የጨረር ወረፋ ነው፤ ጥቁር አንበሳ፣ ለዓመታት አንድ ብቻ የነበረ ማሽን፣ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ። እውነት ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ግን ዋና ሕክምናው ጨረር አይደለም። ቢላዋ ነው። የታመመውን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ ጤናማውን ጫፍና ጫፍ መስፋት በጠቅላላ ቀዶ ሐኪም እጅ የሚሠራ ሥራ ነው። በእኛ ገጠር ወንዶች ላይ አንጀት ተጠማዞ መዘጋቱ እጅግ የተለመደ ስለሆነ የጎንደር ሐኪሞች የተዘጋ አንጀት ሲከፍቱ ኖረዋል። እጁ አለ። የሚጎድለው ከቢላዋው በፊትና በኋላ ያለው ነው፤ በሽታውን በጊዜ የሚያይ ኮሎኖስኮፒ፣ በቂ ደም፣ ማደንዘዣ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚታደርበት የጽኑ ሕሙማን አልጋ።

በጊዜ መምጣትና ተዘግቶ መምጣት ደግሞ አንድ አይደሉም። ታስቦበት፣ ደም ተሞልቶ፣ ሰውየው ትንሽ ጠንክሮ የሚደረግ ኦፕራሲዮንን አብዛኛው ጠንካራ ሽማግሌ ይወጣዋል። በሌሊት፣ ሆድ ተነፍቶ፣ ሰውነት ደርቆ ሲደረግ ግን የመሞት ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይንራል። እንግዲህ ሽማግሌዎቻችንን አብዝቶ የሚጎዳቸው «ዕድሜው ገፍቷል፣ ይቅርበት» እያልን የምናሳልፈው ዓመት ነው። ቀርቶም አይቀርም። መጨረሻ ላይ ሆዱ ሲዘጋ ያው ቢላዋ ይመጣል፤ በከፋው ሰዓት ይመጣል።

የእኚህ ሰው አንጀት ጨርሶ አልተዘጋም ነበር። በአፍንጫቸው ቱቦ ገብቶ፣ ጉሉኮስ ተሰቅሎ፣ ደም እየተሰጣቸው ሁለት ሦስት ቀን ተገኘ። ልጆቹ ኮሪደር ላይ ተሰበሰቡ። አንዱ «ቢላዋ አይችሉም» አለ፣ አንዱ «አገራቸው ገብተው ይረፉ» አለ፤ ሦስተኛው ስለ ገንዘቡ ዝም አለ፣ ዝምታው ግን ተሰማ። ካንሰር የሚለውን ቃል አባታቸው ጆሮ እንዳያደርሱት ሁሉም ተማምለዋል።

ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ካርዱ ላይ ያለውን 80 ዓይኑን ጣል አድርጎበት አለፈ። የጠየቀው ሌላ ነበር። ከመታመማቸው በፊት ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዱ ነበር? ልብሳቸውን ማን ያለብሳቸዋል? ስም ይረሳሉ? ምን ያህል ከሱ? ከዚያ አስነሥቶ ጥቂት እርምጃ አስኬዳቸው፣ አዞረ፣ አስቀመጣቸው። በሌላው ዓለም ይህ በሰዓት ይለካል፤ ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ሄዶ ተመልሶ መቀመጥ። ሽማግሌን ለኦፕራሲዮን ሲያዩ ከዓመቱ ይልቅ አቅሙን መመዘን ዛሬ የሠለጠነው መንገድ ነው። ዘጠናን አልፎ የሚቻለው አለ፣ በሰባ የማይቻለው አለ።

ሁለት ታላላቅ ሰዎች እዚህ ትዝ ይሉኛል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ74 ዓመታቸው፣ ሐምሌ 1977፣ ያ ሁሉ ሕዝባችን ሱዳን ጣቢያ ውስጥ ባለበት ክረምት፣ የቀኝ አንጀታቸው ከነካንሰሩ ወጥቶላቸው እስከ 93 ኖሩ። የኳሱ ንጉሥ ፔሌ በ80 ዓመቱ ያንኑ የቀኝ አንጀት ኦፕራሲዮን ሆነ፤ በዓመት ከአራት ወሩ ግድም አረፈ። የሁለቱም ዕጢ የተገኘው በምርመራ ነው። ለአንዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ለአንዱ ዓመት ተኩል የማይሞላ ጊዜ። ቢላዋ ቃል አይገባም። ከ85 በላይ ያለን ጤነኛ ሰው ካንሰር ለመፈለግ ብሎ መመርመርንም የውጭ ሐኪሞች አይመክሩም፤ ያልታመመ ሽማግሌ ሁሉ ይታይ እያልሁ አይደለም። ደሙ ያነሰ፣ የከሳ፣ ሰገራው የተለወጠ ይታይ ነው።

ሐኪሙ ልጆቹን አልፎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና «አባባ፣ አንጀትዎ ውስጥ ዕጢ አለ፤ ካልወጣ ይዘጋዋል። እርስዎ ምን ይላሉ?» አላቸው። ልጆቹ ተያዩ። ሰውየው ስለ ሞት ይጠይቃሉ ብዬ ነበር። ስለ ገንዘብም መስሎኝ ነበር።

«ከተቀደድሁ በኋላ ደጅ በእግሬ እወጣለሁ?»

ሐኪሙ አልዋሸም። «ተስፋ አደርጋለሁ፤ ምናልባት ሰገራ በሆድ በኩል በከረጢት ይሆን ይሆናል፤ እንዳይሆን እሞክራለሁ» አላቸው። ጥቂት አሰቡ። «ሞክር» አሉ።

ከረጢቱ አላስፈለገም። በሁለተኛው ሌሊት ግን ቃዡ፤ የሞቱ በሬዎቻቸውን በስም ይጠሩ ጀመር። ልጆቹ «አበቃላቸው» ብለው ካህን ሊጠሩ ተነሡ። ይህ ከኦፕራሲዮን በኋላ በሽማግሌ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚያልፍ ነገር መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ነርሷ መብራቱን አበራች፣ የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ የሰፈሩን ወሬ ታወራቸው ጀመር፤ ሲነጋ ተመለሱ። ስለ ጾምም ክርክር ነበር፤ እንቁላሉን አልቀምስ ብለው ካህኑ መጥተው ፈቀዱላቸው። ቁስል የሚያድነው ምግብ እንደሆነ ቀድሞ ቢነገራቸው ኖሮ ሦስት ቀን በአጥሚት ባልቆዩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት በኮሪደሩ ሳልፍ የልጅ ልጃቸው የሽንት ቤቱን በር በእጇ ይዛ ውጭ ቆማለች። ዱላቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከውስጥ ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ ተሰማ።

«በሩን ዝጊው እንጂ፣ ልጄ።»