መንግሥት ዋስ ሲሆን

«አሜሪካ ያለው ልጄ ሱቅ ሊከፍት ነው፤ መንግሥት ገንዘብ ሰጠው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ደስታቸው ደስታችን ነው። «ሰጠው» የሚለው ቃል ግን ያሳስበናል። አልሰጠውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ትንንሽ ነጋዴዎችን የሚረዳ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። የተቋቋመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ነው። ይህ መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከካዝናው አውጥቶ አያበድርም። አበዳሪው ባንክ ነው። መንግሥት ለባንኩ ዋስ ይሆናል። ዋስ ምን እንደሆነ እኛ ለእናንተ አንነግርም፤ ለዘመዱ ዋስ ሆኖ በሬውን የሸጠ ሰው በየአገሩ አለ።

በሒሳብ እንየው። ልጁ 100,000 ዶላር ተበደረ እንበል። መንግሥት ዋስ የሚሆነው ከመቶ 85 እጁን፣ ማለት 85,000 ዶላሩን ነው። ንግዱ ከቀና ልጁ ዋናውንና ወለዱን በየወሩ ይከፍላል። ከከሰረና መክፈል ካቃተውስ? ባንኩ ዋሱን ይጠይቃል፤ መንግሥትም የድርሻውን ይከፍላል። ታዲያ ልጁ ተገላገለ? የለም! ዕዳው ከላዩ አይወርድም። ከንግዱ አንድ አምስተኛና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሰው ሲበደር በግሉም ፈርሟል። ቤት ካስያዘ ቤቱም ሊሄድ ይችላል።

ገንዘቡም ለተባለለት ንግድ ብቻ ነው የሚውለው። ስለዚህ «ከብድሩ ቆርጠህ ለሠርግ ላክልን» ማለት ልጁን ገደል መክተት ነው።

ደግሞም ስደተኛ ሁሉ አያገኘውም። ቀድሞ ከንግዱ 51 ከመቶው የዜጎች ወይም የቋሚ ነዋሪዎች ከሆነ ይበቃ ነበር። በ2025 መቶ ከመቶ ይሁን ተባለ። በ2026 ማርች ወር ደግሞ ግሪን ካርድ ያለው እንኳ ዜግነት ካልያዘ ከዋናው ብድር ወጣ። ይህ ለእኛ ፍርድ አይመስለንም። ሰውየው ግብሩን እኮ እንደ ዜጋው ይከፍላል።

ታዲያ ያገራችን ሰው ምን ያደርጋል? እዚያም ዕቁብ ይጥላል። በ1983 በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስልም በሥሩ ባለው ድርጅት በኩል ለስደተኞች አነስተኛ ብድር ሲሰጥ ቆይቷል። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን በባንክ መዝገብ አይጻፍም። ሃያ ዓመት ዕቁብ ሳያጓድል የጣለ ሰው ባንክ ሲገባ ተበድሮ እንደማያውቅ እንግዳ ይታያል።

ልጃችሁ «ተበደርኩ» ብሎ ቢጽፍላችሁ መልሱን ለሌላ ሰው አታስጽፉ። በገዛ እጃችሁ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ስንት ተበደርክ? ወለዱ ስንት ነው? በስንት ዓመት ይከፈላል? ምን አስያዝክ?»