ጀርባው ያልተጻፈበት ፎቶ

እናቶቻችን ፎቶ ቤት ሄደው ተነስተው፣ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ገልብጠው ጀርባው ላይ ይጽፉ ነበር። «ለማስታወሻ» ብለው ስም፣ ቦታ፣ ቀንና ዓመተ ምሕረት። እኛ የሊሙ ገነት ልጆች የመጀመሪያውን የጋዜጠኝነት ትምህርት ያገኘነው ዩኒቨርሲቲ ሳንገባ፣ ከዚያ ከቤታችን አልበም ነው። ዓለም እኛን ያወቀበት ፎቶ ግን ጀርባው ባዶ ነው። ጠባችን ከዚህ ባዶነት ጋር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በሀገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። የተደበቀውን ገልጧልና ምስጋና ይገባዋል። ከዚያስ? ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀጣጠለውና መስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ ለሕዝብ አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። የተራበው ወገናችን ማንም ሳይጠይቀው የአዋጅ ማጀቢያ ሆነ። ይኸው ደርግ በመስከረም 1977 የአሥረኛ ዓመት ድግሱን ሲደግስ ደግሞ ሌላውን ረሃብ ሸፈነ። በምስል የተጠቀመ መንግሥት ምስል ፈራ!

በጥቅምት 1977 ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር ኮረም ደረሰ። ዓለም ደነገጠ፣ እህል መጣ፣ ነፍስ ዳነ። አሚንን የምንንቅ እንዳይመስላችሁ። በ1983 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ክንዱን ያጣ፣ በ1989 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ ያለፈ ሰው ነው። ግን እንጠይቃለን፤ ልጇን ታቅፋ የታየችው እናት ስሟ ማን ነው? ከየትኛው ቀበሌ መጣች? ሰሜኑን ያነደደው ጦርነትስ ለምን ከድርቁ ጀርባ ተደበቀ? ተመልካቹ ያየው ሰማይ የጨከነበትን ሀገር ነው እንጂ ሰው ያዋጋውን ሀገር አይደለም። ከዚያ ረሃብ በኋላ ሰፋሪዎች ያኔ ዋና ከተማው ጅማ ወደነበረው ከፋ ክፍለ ሀገርም መጥተዋል። እነሱ ስም አላቸው። ፎቶው ነው ስም የሌለው።

«ሰው እየሞተ ስም ይጠየቃል ወይ?» የሚሉን አሉ። ዱቄት የሚያድለው ሰው ስም ይመዘግባል፤ ካሜራ የያዘውን ምን ያዘው? ስሙ ቢወጣ ለአደጋ የሚጋለጥ ሰው ካለም ስሙ አይታተም፤ ግን በአንሺው መዝገብ ይቀመጥ።

ይህ የድሮ ክርክር ይመስላችኋል? በ2013 ትግራይ ላይ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቆረጠ፣ ጋዜጠኛም እንደልቡ መግባት አልቻለም። ክፍተቱን የሞላው ከሌላ ዓመት፣ አንዳንዴም ከሌላ አገር የመጣ ፎቶ ነበር። ሁሉም ወገን ለጠፈ። ዲግሪያችንን ግድግዳ ላይ የሰቀልን እኛም ሳናጣራ ሼር አደረግን። ውሸቱ ሲጋለጥ ደግሞ እውነተኛው ሬሳም «ውሸት ነው» ተባለ። ጀርባው ያልተጻፈበት ፎቶ ላነሳው ሁሉ መሣሪያ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሌላ መንገድ አለ። ሳሌም መኩሪያ በሠራችው «የወንዝ ማዕበል» ዘጋቢ ፊልም የቀይ ሽብርን ዘመን የነገረችን በስም በምታውቃቸው ሰዎች፣ በወንድሟና በቅርብ ጓደኛዋ በኩል ነው። እነዚያን ሟቾች ማንም መንግሥት ለድግሱ ሊበደራቸው አይችልም።

የሊሙ ቡና እንኳ ወደ ውጭ ሲላክ የትውልድ ቦታው ስም አብሮት ይሄዳል። ቡናውን የምትለቅመው ሴት ግን በፎቶ ስትወጣ «አንዲት ኢትዮጵያዊት» ብቻ ናት። ከቡና ያነሰ ክብር ለሰው!

ስለዚህ ከራሳችን እንጀምራለን። ማን፣ የት፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ የሚለው ያልተመለሰበትን ምስል አንለጥፍም፤ የራሳችን ወገን የሚጠቀምበት ቢሆንም እንኳ። መምህሮቻችንም ይህ ያልተጻፈበትን የተማሪ ፎቶ ዜሮ ይስጡልን። ፊደል ሳይቆጥሩ በሰው እጅ ያስጻፉ እናቶች የቻሉት ነገር ለባለዲግሪ አይከብድም።