የኮምቦልቻ ፍሳሽ፣ የጨፋ ውኃና ገና ያልተወለዱ ልጆቻችን

ቦርከና ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች ተነስቶ፣ ኮምቦልቻንና ሐርቡን አልፎ ነው ከሚሴ የሚደርሰው። የጨፋን ሜዳ አርሶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ ከብት አርቢ መንጋውን ይዞ የሚመጣው እዚሁ ጨፋ ላይ ነው። አትክልቱም የሚለማው በዚሁ ውኃ ነው። ስለዚህ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ወንዙ ውስጥ የሚለቀቅ ነገር የኮምቦልቻ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህን የምንለው ከመሬት ተነስተን አይደለም። በእስክንድር ዝናቡ መሪነት የኮምቦልቻን አምስት ፋብሪካዎች ፍሳሽና ፍሳሹ የሚገባባቸውን የለዮሌና የወርቃ ወንዞች የመረመረ ጥናት በ2010 ታትሟል። ከቆዳ ፋብሪካ በሚወጣው ፍሳሽ ውስጥ በሊትር 26.6 ሚሊ ግራም ክሮሚየም፣ ከብረታ ብረት ፋብሪካ በሚወጣው ደግሞ 155.75 ሚሊ ግራም ዚንክ ተለክቷል። ሁለቱም አገራችን ራሷ ካስቀመጠችው ጣሪያ እጅግ የራቁ ናቸው። ለዮሌ ከፋብሪካዎቹ በታች የያዘው ዚንክ በላይ ከያዘው አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ኢንሳፍ እንዲሆን ይህንንም እንጨምር፦ በቆዳው ፍሳሽ ውስጥ እርሳስ ከፍ ብሎ ቢታይም ከጣሪያው አላለፈም፤ የቢራው፣ የጨርቃ ጨርቁና የሥጋው ፋብሪካዎችም በብረት ረገድ ገደቡን አልጣሱም።

ጥናቱ የለካው ውኃ ነው። የእኛ ጥያቄ ግን ስለ ሰው፣ ከሰውም ስለ ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ነው።

ምክንያቱም ከባድ ብረቶች ከማንም በላይ የሚጎዱት ፅንስን ነው። አንዲት ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ የገባባት እርሳስ አጥንቷ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ስታረግዝ ሰውነቷ ለፅንሱ ካልሲየም ከአጥንቷ ሲያወጣ እርሳሱም አብሮ ይወጣል፤ የእንግዴ ልጁም አያግደውም። ወተትና እርጎ ያጣች እናት ላይ ደግሞ ይብሳል። ካድሚየም መንገዱ ሌላ ነው፤ እዚያው የእንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችቶ ለፅንሱ ማለፍ የነበረበትን ዚንክ ይይዝበታል። (ዚንክ በልኩ ሲሆን ለልጅ ዕድገት የግድ ያስፈልጋል። የሚጎዳው ሲበዛ ነው።)

በባንግላዴሽ ማትላብ በተባለ የገጠር አካባቢ ተመራማሪዎች ከ1,500 በላይ እናቶችን ከነልጆቻቸው ከእርግዝና ጀምሮ ተከታትለዋል። ብዙ ካድሚየም በሰውነታቸው የተገኘባቸው እናቶች የወለዷቸው ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ ነበር። አርሴኒክና ካድሚየም የበዛባቸው ልጆች በአምስት ዓመታቸው በቁመትም በክብደትም ከእኩዮቻቸው ወደኋላ ቀርተው ታይተዋል። ማትላብም እንደ ጨፋ በውኃ ዳር የሚያርስ ድሃ ገበሬ የሚኖርበት አገር ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአገር ደረጃ 38 በመቶ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2022 ለማጥፋት ሲታወጅ ዋናው ትኩረት ምግብ፣ ንጹሕ ውኃና ንጽሕና ነበር። ትክክል ነው፤ ረሃቡ እውነት ነው። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ልጅ ሲቀነጭር ጣት የሚቀሰረው እናቲቱ ጓዳ ላይ ብቻ ነው። ወንዙን የሚጠይቅ የለም።

ዝም ማለት የት እንደሚያደርስ ጉጂ አሳይቶናል። በለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች ፅንስ እየወረደ፣ ልጆችም ከአካል ጉዳት ጋር እየተወለዱ ነው ብለው ለዓመታት ጮኸዋል። ፈቃዱ የታገደው ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ በኋላ በግንቦት 2010 ነው፤ በ2013 ማዕድኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። እዚያ ጥያቄው የተነሳው ልጆቹ ከተወለዱ በኋላ ነበር።

በቤታችን ልንሠራው የምንችለው አለ። የደም ማነስ ያለባት ሴት አንጀቷ እርሳስንና ካድሚየምን ይበልጥ ይስባል፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረን ክኒን ሳጥን ውስጥ መቅረት የለበትም። ኩልም አለ። ኢስሚድ ተብሎ ከየገበያው የሚገዛው ዱቄት ብዙ ጊዜ የእርሳስ ማዕድን ነው፤ ነፍሰ ጡሯም አራስ ልጇም ዓይን ላይ ባይደረግ እንመክራለን። ሱናውን የሚሻ ምንነቱን አጣርቶ ይግዛ።

ወንዙ ግን ከቤት አቅም በላይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ ድርጅት የበከለውን እንዲያጸዳ ያስገድዳል። ፋብሪካዎቹ ደቡብ ወሎ፣ ውኃው የሚደርሳቸው ሰዎች ደግሞ ኦሮሚያ ዞን መሆናቸውም ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ሁለቱም ያሉት በአንድ ክልል ሥር ነው። ክልሉ ከሚሴ ድልድይ ሥርና ጨፋ ላይ የወንዙን ውኃና ደለል በክረምትም በበጋም ያስለካ፤ በደዋ ጨፋና በአርጡማ ፉርሲ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ከሚመጡ እናቶችም ፈቃደኛ የሆኑትን ደም ያስመርምር። ውጤቱንም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይንገረን።