ፍኖተ ሰላም ላይ ማን ያድራል?

በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ጎንደርና ስለ ጣና ገዳማት ብዙ ተጽፏል፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን ዛሬ ሁሉም የሚያልፍበትን፣ ማንም ግን የማይቆምበትን መንገድ ላንሳ። ከዚህ ከባሕር ዳር ተነስቶ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርጎ ፍኖተ ሰላም የሚገባውን ማለቴ ነው።

ነገሩ የጀመረው በክፍል ሥራ ነው። የሁለት ቀን የመኪና ጉዞ ዕቅድ አዘጋጅታችሁ አቅርቡ ተባልን። መነሻ፣ መድረሻ፣ የሚጎበኝ ቦታ፣ ማደሪያ ሆቴል፣ ምግብ፣ ወጪ። አብዛኛው ቡድን የታወቀውን መስመር ያዘ። የእኛ ቡድን በእኔ ግፊት (አልደብቅም) ምዕራብ ጎጃምን ያዘ። አቅርበን ስንጨርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ "ይቅርታ፣ ፍኖተ ሰላም የሚያድር ሰው ምን ሊያይ ነው የሚያድረው?" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እስካሁን የሚቆጨኝም ይሄው ነው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ሆኜ መልስ አጣሁ። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የዘገየ መልስ በሉት።

በመጀመሪያ ስለ መነሻው። እኛ ዕቅድ ስናወጣ ጉዞ ሁሉ ከአዲስ አበባ የሚጀምር ይመስለናል። ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሐል ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ፤ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. መባቻ የተከፈተውን አዲሱን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ መውጣት ነው። እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን ቅዳሜ ይህን ሄዶ እሁድ ይህንኑ መመለስ ሽርሽር ሳይሆን የሹፌር ሥራ ነው። ከባሕር ዳር ከተነሳን ግን ፍኖተ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደብረ ማርቆስ ለሚመጣ ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ የዚህ ጉዞ ደንበኛ ፈረንጅ ወይም የአዲስ አበባ ሰው አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ የሰነበተ የባሕር ዳር መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ አዲስ ሙሽሮች ናቸው። አብዛኛው ሰው የራሱ መኪና ስለሌለው ስምንት ዘጠኝ ሆኖ አንድ ሚኒባስ መከራየት ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። የዚህ መንገድ ውበት በከፍታው መለዋወጥ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከባሕር ዳር እስከ ዳንግላ ያለው ሜዳ ይበዛዋል፤ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ ያመጣል። ከአዲስ ቅዳም በኋላ ግን አየሩ ይለወጣል። የዲከረንስ ደን ግራና ቀኝ ይቆማል፣ የከሰል ጆንያ በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይታያል፣ እንጅባራ ስትደርሱ ከቀርከሃ የተሠራ ወንበርና ቅርጫት ለሽያጭ ወጥቶ ታገኛላችሁ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጋቢ ያልያዘ ይፀፀታል። (ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሚከበር ያን ሰሞን አልጋ ሳትይዙ አትሂዱ።) ከእንጅባራ ወጣ እንዳላችሁ ወደ ቡሬ አቅጣጫ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያውን ዛፍ ከቦት እንደ ድስት ተቀምጧል። ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅ፤ ቡና የሚጠጣው እዚህ ነው። እንግዲህ ይህ አዊ ዞን ነው፣ ወደ ምዕራብ ጎጃም ገና አልገባንም።

ከዚያ ጥሊሊን አልፎ መውረድ ነው። ቡሬ 2,100፣ ፍኖተ ሰላም ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ጋቢ የተከናነበ ሰው ከሰዓት በኋላ ሹራቡን አውልቆ ይገባል። መስከረም ላይ ከሆነ ደግሞ አደይ አበባው ከበቆሎው ማሳ ጋር ተቀላቅሎ መሬቱ ቢጫና አረንጓዴ ይሆናል። መኸር ካለቀ በኋላ የሄደ ሰው ደግሞ የተሰጣ በርበሬ ያያል፤ የቡሬ በርበሬ ዝናውን ከእኔ አትሰሙትም፣ እናቶቻችሁን ጠይቁ።

ቡሬ መገንጠያ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። ስለዚህ የቡሬ ሆቴሎች ቱሪስት ሳይመጣ በፊትም አዳሪ ነበራቸው፤ የጭነት መኪና ሹፌርና ነጋዴ። በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቆባታል። ታሪክ ለሚወድ ደግሞ በ1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል ነበር የመጡት፤ ቡሬ የመሸገውም የጣሊያን ጦር በየካቲት ወር ለቅቆ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ መሐል ላይ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟን የት እንደሰማችሁት አስታወሳችሁ? "ፍቅር እስከ መቃብር" የሚጀምረው እዚያ ነው፤ የበዛብህ አገር ናት። መጽሐፉ ከታተመ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱ አንብቦት፣ ስንቱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶት አልቅሷል! እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ ነው ያደግሁት፤ "ማንኩሳ ደረስን፣ እስቲ አምስት ደቂቃ እንቁም" ያለ ሹፌርም ተሳፋሪም አንድ ቀን አላጋጠመኝም። ሌላው ዓለም ላይ ሰው የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ኖረበት የተባለ ቤት ለማየት ትኬት ይቆርጣል። እኛ ጋ ሹፌሩ ማርሽ ይቀይራል።

ያ ልጅ "ምን ሊያይ ነው?" ላለው መልሴ እስካሁን ያለው ነው። "ለምን ያድራል?" ለሚለው ደግሞ የእሁዱ ጉዞ ይመልሳል። እሁድ ማለዳ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ወደ ጥሊሊ መመለስ፣ ከዚያ ወደ ሰከላ ወረዳ መገንጠል፣ ግሽ ዓባይ መድረስ ነው። የዓባይ መነሻ ምንጭ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ስንት ወር ተጉዘው ያዩትን እኛ ግማሽ ቀን አይፈጅብንም። እዚህ ላይ ግን ቡድናችን ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቋል። ምክንያቱም ምንጩ ጠበል ነው፤ ጠበል ደግሞ በልተው አይሄዱበትም። በዕቅዳችን ላይ "ቁርስ በሆቴሉ፣ ከአልጋ ዋጋ ጋር የተካተተ" ብለን ጽፈን ነበር! በመጨረሻ ቁርሱን ሰርዘን ዳቦና ቆሎ ቋጥረን እንድንሄድ፣ ከጠበሉ መልስም እንድንበላ ወሰንን። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አይነግራችሁም። ሌላ ቡድንም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል፤ መጋቢት ላይ ለቅዳሜ ምሳ ክትፎ ብሎ ጻፈ። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሁድም ሥጋ እንደማይበላ የረሳ የጉዞ ባለሙያ እንዴት ይሆናል?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፦ ሆቴልና ምግብ። ክፍል ውስጥ ሆቴል የምንለካው በኮከብ ነው። በኮከብ ብቻ ከሄድን ከባሕር ዳር ንቅንቅ አንልም። የእኔ መለኪያ ሌላ ነው፦ ጠዋት ሻወሩ ውሃ አለው ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል ወይ? መኪናው የታጠረ ግቢ ውስጥ ዘበኛ ይጠብቀዋል ወይ? ከምድር ቤት ሌሊቱን የሚጮህ ሙዚቃ የለም ወይ? ፎቁን አትመኑ። አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ሄደን በዚሁ መንገድ ላይ ያለ መስታወት በመስታወት የሆነ ሆቴል አራተኛ ፎቅ አደርን፤ ውሃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደክሞት ቀረ። በጆግ እየተቀዳልን ታጠብን። ጓሮው ንጹሕ፣ አንሶላው ታጥቦ ፀሐይ የመታው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ይሻለኛል።

ስለ ምግቡ ግን እኔ ሳልሆን አክስቴ ትናገር። አክስቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በሆቴል ማዕድ ቤት ለዓመታት ስትሠራ የኖረች ናት። ለክፍል ሥራው መረጃ ፈልጌ ደወልኩላት።

"እትዬ፣ እንግዳ ባመጣ የት ላሳድር?"

"ምነው፣ ስብሰባ አለ እንዴ?"

"ስብሰባ የለም። እንዲያው ለመዝናናት ነው።"

"ለመዝናናት? እዚህ?" ብላ ሳቀች። ልክ እንደ ክፍሉ።

ከዚያ ግን ምግብ ስናነሳ ሳቋን ተወችው። በሆቴሉ የምግብ ዝርዝር ላይ ያለው ጥብስ፣ ክትፎ፣ ስፓጌቲ፣ ክለብ ሳንድዊች ነው አለችኝ፤ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ያለው ያው ነው። "ቤቴ የምሠራውን እዚያ ብሠራው 'የድሃ ምግብ ነው፣ እንግዳ ያዋርደናል' ይሉኛል" አለች። ቤቷ የምትሠራውን እኔ አውቀዋለሁ። ዳጉሳ የገባበት እንጀራ፣ በቡሬ በርበሬ የተደለኸ ድልህ፣ ጎመን በአይብ፣ እርጎ፣ በጾም የኑግ ልጥልጥ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ የእሸት በቆሎ ቅቅል፣ ካለ ደግሞ ማር ከነሰፈፉ። እንግዲህ ንገሩኝ፤ 180 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ሰው የትኛውን ይፈልጋል? በመስኮት የሚያየው በቆሎና በርበሬ፣ ሳህኑ ላይ ያለው ከሱቅ የመጣ መኮረኒ ሲሆን ምን ይባላል?

ጥፋቱ የባለሆቴሉ ብቻ ነው አልልም። የዚያ አካባቢ ሆቴል የኖረው በአበል በሚያድር ሠልጣኝና በስብሰባ ተካፋይ ነው። ለዚያ ሰው የታወቀ ነገር ማቅረብ ይበቃል። ሰውን ለምግቡ ብሎ የሚያስመጣ ሆቴል እንዲኖር መጀመሪያ ምግቡን የጠየቀ እንግዳ መኖር አለበት። እኛ የዚህ ዲፓርትመንት ልጆች ካልጠየቅን ማን ይጠይቃል?

አክስቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ያለችኝን ሳልጽፍ ባልፍ ግን ይህ ጽሑፍ ማስታወቂያ ይሆናል። "አንቺ ልጅ፣ መንገዱስ?" አለችኝ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ይህ መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የኖረው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም በአየር ጥቃት ሰው ሞቶባታል። የከተማዋ ስም በግእዝ "የሰላም መንገድ" ማለት ነው። አክስቴ አልጋው ባዶ ያደረበትን፣ ማዕድ ቤቱ የተዘጋበትን ሳምንት ቆጥራ አትጨርሰውም።

"ታዲያ ምን ብለሽ ዕቅድ ታወጫለሽ?" የሚለኝ ይኖራል። በእኔ አስተያየት ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ መንገዱን ጭራሽ ሳያነሱ የሚያምር ዕቅድ ማቅረብ ነው፤ ይህ ሰው ላይ መቀለድ ነው። የሚያሽከረክረው ሰው ነፍስ አለው። ሌላው "ጊዜው አይደለም" ብሎ አካባቢውን ከዝርዝር መሰረዝ ነው። ከዝርዝር የተሰረዘ ቦታ መንገዱ ሲከፈትም ቶሎ አይመለስም፤ አስጎብኚው ረስቶታል፣ ምግብ አብሳይዋ ሌላ ሥራ ይዛለች፣ ሆቴሉ መጋዘን ሆኗል። ስለዚህ የእኛን ዕቅድ አስተካክለን በድጋሚ አስገባን። የመጀመሪያው መስመር "ከመነሳት በፊት በዋዜማውና በዕለቱ ጠዋት ለሁለት የአካባቢው ሰዎች ይደወል፤ አንዱ እንኳ 'ቆዩ' ካለ ጉዞው ይሰረዛል፣ ገንዘቡ ይመለሳል" ይላል። የመነሻ ቀን የሚለውን ቦታ ባዶ ተውነው። በዚያ ነጥብ ተቀነሰብን፤ ቅጹ ባዶ ቦታ አይቀበልም ተባለ። ቅሬታ የለኝም፣ ቀን ግን አልሞላም።

አሁን የቀረኝ ሥራ የምግቡ ነው። የፍኖተ ሰላሙን ከአክስቴ ጋር ጀምሬዋለሁ፤ ምግቡ በየትኛው ወር እንደሚገኝ፣ ለአሥር ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግና ማን እንደሚያበስለው በደብተር እየጻፍኩ ነው። የቡሬ፣ የማንኩሳ፣ የጥሊሊና የሰከላ ልጆች በየክፍሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእረፍት ቤተሰብ ጋ የምትሄዱ፣ መሄድ ካልቻላችሁም የምትደውሉ፣ የእናታችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። ሦስተኛ ዓመት ክፍል ውስጥ ከፊት ወንበር ታገኙኛላችሁ። ያ ከኋላ የተቀመጠው ልጅም ይምጣ፤ እናቱ የደምበጫ ሰው መሆኗን በኋላ ሰምቻለሁ።