ውሃ ሁሉ አንድ አይጻፍም

ውድ የጀመዓችን አባላት፣ በዚህ እትም የምንጽፈው ስለራሳችን ጥፋት ነው።

ለታናሾቻችን በቱቶሪያል ጊዜ የምናድላትን የአንድ ገጽ የኬሚስትሪ ወረቀት ታውቋታላችሁ። «ውሃ ካለ ካቶድ ላይ ሃይድሮጅን፣ አኖድ ላይ ኦክስጅን ይወጣል» ትልና ከሥር አንዳንድ ሃፍ ሪአክሽን ታስቀምጣለች። እኛም በእሷ አጥንተን አልፈናል። ዘንድሮ ግን ትቅር እንላለን።

ነገሩ የመጣው በክረምቱ እረፍት፣ ሀብሩ ውስጥ ባለ አንድ የገጠር መስጂድ ነው። የውዱእ ማድረጊያው የብረት ቧንቧ ዝጎ ተበሳስቷል። የመስጂዱ ኻዲም ትልቅ አባት ናቸው፤ «ልጆቼ፣ ኢንጂነሪንግ ነው አሉ የምትማሩት፤ ይሄ ነገር ምን ነክቶት ነው?» አሉን። ደብተር አወጣን። ብረቱ ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ሁለት የሃይድሮጅን አዮን ይቀበላሉ ብለን ጻፍንና «ውሃው አሲድ አለበት፣ ኖራ ይግባበት» አልን። በጁምዓ የተሰበሰበው ሰደቃ ለኖራ ሊወጣ ሲል ከመካከላችን አንዱ ከላብ የተረፈች የፒኤች ወረቀት ነከረበት። ከ7 ትንሽ ከፍ አለች። አሲድ የሚባል ነገር የለም። ኻዲሙ አልሳቁብንም፤ «ገንዘቡኮ የሰው ነው» ብቻ አሉን።

ሰንጠረዡን ረጋ ብለን ብናየው መልሱ እዚያው ነበር። የብረት ስታንዳርድ ፖቴንሻል ከዜሮ በታች 0.44 ቮልት ነው። ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ሃይድሮጅን የሚወጣው ከዜሮ በታች 0.41 ላይ ነው። ልዩነቱ 0.03 ቮልት ብቻ፤ በዚህ አቅም ቧንቧ አይበሳም። በዚያው ፒኤች ኦክስጅን ኤሌክትሮን ሲቀበል ግን ከዜሮ በላይ 0.82 ነው፤ ልዩነቱ 1.26 ቮልት ይደርሳል። ስለዚህ መጻፍ የነበረብን «አንድ ኦክስጅንና ሁለት ውሃ አራት ኤሌክትሮን ተቀብለው አራት ሃይድሮክሳይድ ይሆናሉ» የሚለውን ነበር። ይህን ጽፈን ቢሆን ቀጣዩ ጥያቄ «ኦክስጅኑ ከየት መጣ?» ይሆን ነበር። ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው! በሚጠፋባቸው ቀናት ቧንቧው ውስጡ እርጥብ ሆኖ አየር ይሞላበታል፤ ለዝገት ከዚህ የተመቸ የለም። ሁልጊዜ ሙሉና ዝግ የሆነ ቧንቧ ውስጥ ኦክስጅኑ እያለቀ ዝገቱም ይዘገያል። ኖራው ይህን አይፈታውም ነበር።

ኤሌክትሮሊሲስም ላይ ያው ነው። የአፍዴራን ጨው በውሃ አሟሙተን ኤሌክትሪክ ብንሰድበት ሶዲየም አዮኑ አይነካም፤ ከዜሮ በታች 2.71 ቮልት ስለሆነ ውሃው ይቀድመዋል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን «ሁለት የሃይድሮጅን አዮን» እንጽፋለን። ሒሳቡ ይገጥማል፤ ነገር ግን በገለልተኛ ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን በሊትር ከአሥር ሚሊዮን አንድ ሞል ነው። ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ውሃው ራሱ ነው፤ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ሃይድሮክሳይድ ይቀራል። ይህ ሃይድሮክሳይድ ከወረቀቱ ከጠፋ ኮስቲክ ሶዳው ከየት እንደመጣ፣ ከክሎሪን ጋር ተገናኝቶም እንዴት በረኪና እንደሚሆን አይገባንም። አኖድ ላይ ደግሞ ሰንጠረዡም ብቻውን ያሳስታል። ውሃ 1.23፣ ክሎራይድ 1.36 ስለሆኑ ውሃው መቅደም ነበረበት፤ ጨው ሲበዛ ግን የሚወጣው ክሎሪን ነው። ኦክስጅን ለመውጣት ተጨማሪ ቮልቴጅ ይጠይቃልና። ጨው እጅግ ሲቀጥን ኦክስጅኑ ያመዝናል።

የሚያሳፍረን ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ነሕው የቀራ ሰው ዓሚሉን ሳያይ የቃሉን መጨረሻ አይናገርም። የፊቅህ ኪታብ ሲከፈትም ቀድሞ የሚመጣው የውሃ ባብ ነው፤ የትኛው ውሃ እንደሆነ ሳይለይ ብይን የለም። ከሸሆቻችን እግር ሥር ይህን ቀርተን፣ ካምፓስ ስንገባ ውሃ ሁሉ አንድ ሆነብን።

«ለፈተና ይበቃል፣ ጊዜ የለም» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ጊዜ እንደሌለ እኛም እናውቃለን፤ በፋይናል ሰሞን ማን እንቅልፍ አለው? ግን ፈተናውም አንዱን ጥያቄ በአሲድ፣ ሌላውን በቤዝ ያመጣል። አሲድ ከሆነ ካቶድ ላይ የሃይድሮጅን አዮን፣ ቤዝ ከሆነ አኖድ ላይ አራት ሃይድሮክሳይድ ይጻፋል። ወረቀታችን ሁለቱንም አትለይም። «መፍትሔው አሲድ ነው፣ ቤዝ ነው ወይስ ገለልተኛ? አየር ይደርሰዋል?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ የሚሸመድደው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ሰደቃው በመጨረሻ ለፕላስቲክ ቧንቧ ዋለ፣ አልሐምዱሊላህ። ወልዲያም መርሳም ያላችሁ ቱቶሮች በሚቀጥለው ቱቶሪያል አሮጌዋን ወረቀት አታባዙ። በምትኩ የ9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት እርሳስ፣ ጨውና የከርከዴ ውሃ ይዛችሁ ግቡ። ካቶዱ አካባቢ ቀዩ ወደ አረንጓዴ ሲሄድ፣ አኖዱ አካባቢ ደግሞ ቀለሙ ሲነጣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ምክንያቱን ይጻፉ። ክሎሪን ስለሚወጣ መስኮት ይከፈት፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይም አይቆይ።