መልእክታችን በማን ደጅ ያልፋል?

አንድ ተማሪ ከ4ኛ ፎቅ መኝታ ቤቱ ሆኖ በ2ኛ ፎቅ ላለው ጓደኛው «መጽሐፉን ይዘህልኝ ውጣ» ብሎ በስልኩ ቢጽፍ፣ ያቺ አጭር ቃል በደረጃው ወርዳ አትሄድም። ከግቢው ትወጣለች፤ የቴሌን መሥመር ይዛ ባሕር ትሻገራለች፤ ባለቤቱን አይተነው በማናውቀው ኩባንያ ሰርቨር ደጅ ከጠናች በኋላ በመጣችበት መንገድ ተመልሳ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ ትደርሳለች። ለምደነዋልና አይገርመንም። ነገር ግን፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ በመካከል ያለው ደጅ የተዘጋ ዕለት ምን ይሆናል? ክፍት በሆነበትስ ዕለት ባለ ደጁ ምን ያያል?

ደጁ መዘጋቱ ተረት አይደለም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋረጠ። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ እንደገና ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ስልኩም ኢንተርኔቱም በአብዛኛው ሁለት ዓመት ያህል ጠፋ፤ ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቁ ፈተና የተቀመጡ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ነበሩ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የአማራ ክልል ሆነ። መንግሥት ብቻ ነው የሚዘጋው የሚል ካለም ይሳሳታል፤ በመስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የፌስቡክ ኩባንያ ሠራተኞች በጥገና ላይ ሳሉ በሰጡት አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ፌስቡክ፣ ዋትሳፕና ኢንስታግራም በዓለም ሁሉ ስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተዋል። ክፋትም ሆነ ስሕተት፣ ሁሉም በአንድ በር የሚያልፍ ከሆነ አንድ መቀርቀሪያ ይበቃዋል።

ይህን ነገር ከስድሳ ዓመት በፊት በሥዕል ያሳየ ሰው አለ። በአሜሪካ ራንድ በተባለው የጥናት ድርጅት ይሠራ የነበረው ፖል ባራን በ1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1964) ባሳተመው ጥናት ሦስት ዓይነት መረብ ሣለ። በመጀመሪያው ሁሉም ክር ወደ አንድ ማዕከል ይሄዳል፤ በሁለተኛው ማዕከሎቹ ብዙ ናቸው፤ በሦስተኛው ግን ማዕከል የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ዓሣ መረብ እያንዳንዱ ቋጠሮ ከጎረቤቶቹ ጋር ይያያዛል። ባራን ያሰላው ለኑክሌር ጦርነት ነበር። ውጤቱ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ሦስት ወይም አራት ጎረቤት ካለው፣ ብዙ ቋጠሮ ቢጠፋም የተረፉት እርስ በርስ መነጋገር ይችላሉ። ዛሬ ለምንነጋገርበት ጉዳይ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ የሚያስፈልገው እልፍ ማሽን ሳይሆን ሦስት አራት ጎረቤት ነውና።

ለመሆኑ ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው ወይ? የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚለው ሥርዓት አለው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ በዓይን የታየው በጆሮ ከተሰማው ተለይቶ ይነገራል፤ የተቀበለውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። ባለቤት የለውም፤ የሚዘጋ በርም የለውም። ወሬ ማጣመም በባህሉ ዘንድ የሚያስነውርና የሚያስጠይቅ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሮቻችን ይህን «አቻ ለአቻ» መረብ ብለው በሰሌዳ ላይ ሲሥሉልን የአፋሩ ተማሪ በልቡ ሳይስቅ አይቀርም። ዳጉ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ምስጢር የለውም። ወሬውን የሚሸከመው ሰው ወሬውን ያውቀዋል።

ይህን ጉድለት የሚሞላው የሒሳብ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዲፊና ሄልማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ከዚህ ቀደም ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ሁሉም በሚሰማው መሥመር ተነጋግረው ሌላ ማንም የማያገኘውን የጋራ ቁልፍ ማውጣት እንደሚችሉ አስረዱ። ስለዚህ ዛሬ ደብዳቤውን የሚሸከመው ሰው ደብዳቤውን ሳያነብ ሊያደርስ ይችላል። ሆኖም ይህ በሁሉም ቦታ ይሠራል ብላችሁ አትመኑ። የየክፍላችን ማስታወሻ፣ የመምህሩ ማስታወቂያ፣ ሐሜታችንም ጭምር የሚሄድበት ቴሌግራም፣ የቡድን ንግግርን ከዳር እስከ ዳር አያመሰጥርም፤ እንዲህ ያለው ጥበቃ ያለው ሁለት ሰዎች ራሳቸው ፈልገው በሚከፍቱት «ምስጢራዊ ንግግር» ውስጥ ብቻ ነው። ዋትሳፕ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉንም ያመሰጥራል፤ ነገር ግን ማን ከማን ጋር፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደ ተነጋገረ ማየት ለኩባንያው አይሳነውም። የፖስታውን ውስጥ ሳያዩ አድራሻውን ብቻ የሚቆጥሩም ቢሆኑ ስለ ሰው ብዙ ያውቃሉ።

ታዲያ ምን አለ? ብራየር የሚባል የአንድሮይድ ፕሮግራም አለ፤ የአሠራሩ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው። ሰርቨር የለውም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ኮድ በካሜራ በማንሣት ይተዋወቃሉ። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ሲኖር ቶር በተባለው መረብ፣ ሳይኖር በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ስልክ ከስልክ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። በጋራ መድረክ የተጻፈ ነገር ደግሞ ከአንዱ አባል ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይሄዳል፤ ማታ በመኝታ ቤት የተቀበለው ጠዋት በቤተ መጻሕፍት ያስረክባል። ይህ ዳጉ ነው፤ ልዩነቱ መቆለፊያ ያለው መሆኑ ነው።

ጉራ ግን አንነዛም። ብሉቱዝ ከአሥር ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ከዚህ ተነሥቶ መቀሌ አይደርስም። ትእግሥት ይጠይቃል፤ ባትሪ ይበላል፤ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው የሚያስታውሰው ኩባንያ የለምና ሁሉን ያጣል። አይፎን የያዙ ወንድሞችና እኅቶችም ለጊዜው ከውጭ ናቸው።

ከዚህ የባሰው አደጋ ግን በሐሰት መታመን ነው። ብሪጅፋይ የተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 በሆንግ ኮንግ ሰልፈኞች ዘንድ ስሙ ገንኖ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የሮያል ሆሎዌይ ተመራማሪዎች ሲመረምሩት፣ ተጠቃሚውን መከታተል፣ መልእክቱን ማንበብ፣ በሌላ ሰው ስም መጻፍ፣ እንዲያውም በአንዲት ተንኮለኛ መልእክት መረቡን በሙሉ መጣል እንደሚቻል አገኙ። ባለቤቶቹ አሻሻልን አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሁለተኛ ምርመራ አሁንም ቀዳዳ እንዳለ አሳየ። እንግዲህ አንድ ጎበዝ የ3ኛ ዓመት ተማሪ በክረምት ዕረፍት ጽፎ «ይኸው የራሳችን መረብ» ቢለን እናመሰግነዋለን እንጂ ምስጢራችንን አንሰጠውም። የራስን ቤት መሥራት ደስ ይላል፤ የራስን ቁልፍ መፈልሰፍ ግን ለባለ ሙያ የሚተው ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንሰማለን። አንደኛው «ምን የምትደብቁት ነገር አላችሁ?» የሚል ነው። ይህን የሚጠይቁን መምህራን የፈተና ወረቀታቸውን ለምን በሣጥን እንደሚቆልፉ ቢነግሩን መልሱን ከዚያው እናገኛለን። ይሁን እንጂ ነገሩ የቀልድ ብቻ አይደለም፤ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በታሰሩት የዞን 9 ጦማሪዎች ክስ ውስጥ መልእክትን የማመስጠር ሥልጠና መውሰድ እንደ ወንጀል ተቆጥሮ ቀርቦ ነበር። በኋላ ከሽብር ክስ ነጻ ወጥተዋል፤ እስር ቤት የቆዩበትን ጊዜ ግን የመለሰላቸው የለም። ስለዚህ የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ሕጉን አንብበው እንዲያስረዱን የምንጠይቀው ለወግ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ባለቤት የሌለው መረብ የውሸት ወሬንና የጥላቻን ቃል የሚያቆም ዳኛም የለውም ይላሉ። እውነት ነው፤ በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ የሐሰት ወሬ መኝታ ቤትን ከመኝታ ቤት ሲያጋጭ ማን አላየም? የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ ፊት ለፊት ያልተዋወቀ የማይገባበት ትንሽ መረብ፣ ስሙን የማናውቀው ሰው መቶ ሺሕ ተከታይ ከሚያባብልበት ትልቅ አደባባይ ይልቅ ለእሳት ያነሰ ጭድ አለው። ግን «ያየሁት» እና «የሰማሁት» የሚለውን የዳጉ ሕግ ደንባችን ውስጥ ካልጻፍን ይህም አያድነንም።

ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ኮሚቴ የሚከተለውን እንዲፈጽም እንጠይቃለን። በአንድ ሕንጻ፣ በየፎቁ ቢያንስ አሥር ፈቃደኞች ይመዝገቡ። አንድ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ዳታቸውን ዘግተው በብራየር ብቻ ይነጋገሩ፤ ከ1ኛ ፎቅ የተላከች መልእክት 4ኛ ፎቅ በስንት ደቂቃ እንደ ደረሰች፣ የትኛው ኮሪደር እንዳቋረጣት፣ ስንት ባትሪ እንደ ፈጀች በወረቀት ይመዝግቡ። የሒሳብና የኮምፒውተር ክፍል መምህራን ውጤቱን እንዲመረምሩልን ይጠየቁ። ገንዘብ የሚያስፈልገው ለጥቂት ፓወር ባንክ ብቻ ነው። ኮሚቴው ቀኑን በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ያሳውቀን፤ የተገኘውም ቁጥር፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ሳይቀነስ በዚህችው ወረቀት ይወጣል።