ዛፉን አክስሎ አዋቂውን መስደብ

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ ስንጓዝ ቡልቡላ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። የተማረ ባልንጀራዬ፣ ሥርና ቅጠል ዘርግተው የተቀመጡ አዛውንት አይቶ፣ «ይሄ ጥንቆላ መቼ ነው የሚቀርልን?» አለ። ይህን ብሎ ሲያበቃ ሁለት ጆንያ የግራር ከሰል ከመኪናው ኋላ አስጫነ። ይህች ጽሑፍ ለእርሱና ለመሰሎቹ ናት።

ለመሆኑ ጥንቆላው የቱ ነው? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ በእንዶድ የመከላከሉ ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው። ላቦራቶሪው የመጣው ከእናቶቹ በኋላ መሆኑ ነው። እርግጥ፣ የባህል መድኃኒት ሁሉ ደኅና ነው አልልም፤ ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ዓይን ያጠፋል። ለዚህ የሚበጀው ግን መመርመር እንጂ ማንቋሸሽ አይደለም።

እምነቱንም ቢሆን እንየው። ዋቄፈና ዛፍ አያመልክም፤ በኦዳ ጥላ ሥር ፈጣሪውን ዋቃን ይለምናል፤ ኦዳውን ግን አይደፍርም። በባርነት ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ኩባ የተጋዙ ሰዎች ያቆዩት እምነትም፣ «ቅጠል ከሌለ ኦሪሻ የለም» ይላል፤ ኦሪሻ የሚሉት መንፈሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ መድኃኒት ሲጠፋ፣ የኩባ መንግሥት ራሱ ፊቱን ወደ ዕፅዋት አዞረ። እኛም ችግር ሲጠናብን ወደ ዕፅዋቱ ዞረናል፤ መጥረቢያ ይዘን!

ገበሬውን አልወቅስም። ዝናብ ለከዳው ሰው ከሰል የዕለት ጉርስ ነው። ሌላ ገቢ ሳይሰጡት «ዛፍ አትቁረጥ» ማለት ግብዝነት ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገበሬውን ምርት ለማቀነባበር የተሠራ ነው። ታዲያ በአካባቢው የሚለማ የመድኃኒት ተክል ለምን እንደ ምርት አይቆጠርም? አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው ደንግጓል። መብቱ ግን ያለ ተክሉ ወረቀት ነው።

ከመሄዳችን በፊት አዛውንቱን፣ «አባባ፣ ዕቃዎ ምነው አነሰ?» አልኳቸው።

«ዛፉን ጭናችሁታል እኮ፣ ልጄ!» አሉኝ።

ባልንጀራዬ አልሰማም፤ ጆንያውን እያሰረ ነበር።